ከ«አሪፍ ነው» በኋላ ምን እንበል?

ዛሬ ስለ ሶፍትዌር አልጽፍም። አንዳችን የሌላችንን ሥራ ስናይ ስለምንሰጠው አስተያየት ነው የማወራችሁ።

እዚህ ጉለሌ፣ ከአዲሱ ገበያ እስከ ሽሮ ሜዳ፣ ከሥራና ከትምህርት በተረፈች ሰዓት ላፕቶፕ ከፍተው አኒሜሽን የሚሞክሩ ልጆች አሉ። አብዛኞቻችን ክፍል ገብተን አልተማርነውም፤ ከዩቲዩብ ነው የለቃቀምነው። ዩቲዩብ ደግሞ አሠራሩን ያሳየናል እንጂ የእኛን ሥራ አይቶ «እዚህ ጋ ተሳስተሃል» አይለንም። ይህን የሚያደርግልን ጓደኛ ነው። ለእኛ የጓደኛ አስተያየት ትምህርት ቤት ማለት ነው።

ታዲያ አንድ ሰው ስንት ሌሊት አምሽቶ የሠራትን አምስት ሰከንድ ወደ ቴሌግራም ቡድናችን ሲልክ ምን ያገኛል? የእሳት ምልክትና «አሪፍ ነው»፣ አለዚያም ዝምታ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ «ይሄማ ገና ነው»። ከሦስቱ አንዱም ነገ ላፕቶፑን ሲከፍት ከየት እንደሚጀምር አይነግረውም። እኔ የማምነው ይህን ነው፦ ማበረታታትና ማረም የሚነጣጠሉ ሥራዎች አይደሉም። የሰውን ሥራ ልብ ብሎ አይቶ ያዩትን በግልጽ መንገር ትልቁ ማበረታቻ ነው።

በምሳሌ ላስረዳ። አንድ ልጅ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ሲሠራ የሚያሳይ አጭር ክሊፕ ላከልን። ቀለሙ ደስ ይላል፤ ድሩም መወርወሪያውም በቦታቸው አሉ። እንቅስቃሴው ግን የጎደለው ነገር ነበር። «ደረቅ ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ግን ደረቅ የተባለ ሰው የትኛውን ፍሬም ይንካ? ደጋግመን ስናየው ነገሩ ተገለጠልን፦ እጁ ሲወረውር እግሩ ዝም ብሏል። በእውነተኛው ሽመና መጀመሪያ እግር ይረግጣል፤ ድሩ ከላይና ከታች ይከፈታል፤ መወርወሪያው በክፍተቱ ያልፋል፤ ከዚያ ማጉ ተመትቶ ይጠብቃል። «እግሩን ከእጁ ጥቂት ፍሬም አስቀድመው» አልነው። ይህችን ብቻ አስተካክሎ ሲልክልን ሸማኔው ሕይወት ዘራ። ልጁም በዚያው ቀጣዩን ጀመረ።

ከዚህ ዓይነቱ ልምድ የያዝኳቸውን ላካፍላችሁ።

ፍሬሙን ጥቀሱ። በሰከንድ 24 ፍሬም በሚሄድ ሥራ ላይ «መሃሉ ላይ ይንሸራተታል» ማለት አይበቃም። ቪዲዮውን በቪኤልሲ ማጫወቻ ክፈቱና የ«E» ቁልፍን ተጫኑ፤ በተጫናችሁ ቁጥር አንድ ፍሬም ይሄዳል። ያኔ «ሁለተኛው ሰከንድ እንዳለፈ፣ ፍሬም 52 አካባቢ፣ መሬት የረገጠው እግር ይንሸራተታል» ማለት ትችላላችሁ። እንዲህ የተነገረው ሰው ወዲያው ገብቶ ያርመዋል።

ሥራው የት ደረጃ ላይ እንዳለ ጠይቁ። ገና ብሎኪንግ ላይ ላለ፣ ዋና ዋናዎቹን አቋቋሞች ብቻ ላስቀመጠ ሰው ስለ ጣትና ስለ ብርሃን አትንገሩት። የሚጠቅመው አቋቋሙ ይነበባል ወይ፣ ጊዜው ይበዛል ወይ ያንሳል የሚለው ነው። በተቃራኒው፣ መብራት እየሄደ እየመጣ ሬንደር አድርጎ የጨረሰን ሰው «ታሪኩን ቀይረው» ማለት ጉልበቱን ይሰብራል። ላኪዎችም ኃላፊነት አለብን። ሬንደር ሳናደርግ፣ በብሌንደር የቪውፖርት ቅጂ ቀድመን እንላክ፤ ዳታም ጊዜም ይቆጥባል። ቴሌግራም ጥራቱን እንዳይቀንሰው በፋይል መልክ ይሁን። «ይህ ብሎኪንግ ነው፤ ክብደቱን እዩልኝ» የምትል አንዲት መስመርም እንጨምርበት። ያላለቀ መላክ ነውር አይደለም፦ ከፒክሳር መሥራቾች አንዱ የሆነው ኤድ ካትሙል በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ በዚያ ስቱዲዮ አኒሜተሮች ያላለቀ ሥራቸውን በየዕለቱ ለባልደረቦቻቸው ያሳያሉ። ያልተጨረሰ ሥራ ማሳየት ማሳፈሩ ሲቀር ሰው ይበልጥ ይደፍራል።

ችግሩን ተናገሩ፤ ውሳኔውን ለሠሪው ተዉለት። እዚያው ፒክሳር ውስጥ በመሠራት ላይ ያለን ፊልም አይተው አስተያየት የሚሰጡት ነባር ባለሙያዎች ዳይሬክተሩን የማስገደድ ሥልጣን የላቸውም። እኛም «እኔ ብሆን እንዲህ አደርገዋለሁ» ከማለታችን በፊት «ገጸ ባሕሪዋ እዚህ ጋ ለምን እንደዞረች አልገባኝም» እንበል። መፍትሔውን ራሱ ሲያገኘው ሥራውም ትምህርቱም የእሱ ይሆናል።

ያማረውን ለይታችሁ ንገሩ። ጀማሪ ያሳመረውን ነገር ብዙ ጊዜ አያውቀውም፤ ካልተነገረው በሚቀጥለው ሙከራ ራሱ ያጠፋዋል። «ከመዞሯ በፊት ዓይኗ መቅደሙ የምታስብ አስመስሏታል» ብትሉት ግን ያቺን ነገር ዕድሜ ልኩን ይይዛታል።

ሪፈረንስ ላኩ። የእኛ ሪፈረንስ ደጃችን ላይ ነው። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ልብ ብላችሁ እዩ። ወገባቸው ጎንበስ ይላል፤ እርምጃቸው አጭርና ፈጣን ነው፤ ዓይናቸው መሬት መሬቱን ያያል። ለጓደኛችሁ «ሸክሙ ክብደት የለውም» ከምትሉት ይህን ንገሩት። ቪዲዮ መቅረጽ ካስፈለገ ግን ሰውን ሳታስፈቅዱ አትቅረጹ፤ እንቅስቃሴውን ራሳችሁ ተውኑትና ራሳችሁን ቅረጹ።

አጭር ሥራን አክብሩ። በቅኔ ቤት ተማሪ የሚጀምረው በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ነው፤ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ በመጀመሪያው ቀን የሚጠይቀው የለም። ቆጥሮ ያመጣውን ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ የተሰበረውን ያቃናለታል፤ ሲያምርለት ደግሞ «ይበል» ይባልለታል። አገራችን ይህን ሥርዓት ለዘመናት ይዛ ስንት ሊቅ አፍርታበታለች። እኛም አምስት ሰከንድ ይዞ የመጣን ልጅ «ሙሉ ፊልም መቼ ነው?» ብለን አናስጨንቀው።

ከትንሽ ተነሥቶ ትልቅ ሥራ መሥራት መቻሉን የሚጠራጠር ሲያጋጥማችሁ ደግሞ እውነተኛ ታሪክ ንገሩት። የላትቪያው አኒሜተር ጊንትስ ዚልባሎዲስ «አዌይ» የተባለውን ሙሉ ፊልም ብቻውን ነው የሠራው። ቀጥሎ ከቡድን ጋር የሠራው «ፍሎው» በየካቲት 2017 ዓ.ም. የኦስካር ሽልማት አገኘ። የተሠራበት ሶፍትዌር ብሌንደር ነው፤ እናንተ በነፃ ያወረዳችሁት ያው ብሌንደር። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ የሚኖረው ዕዝራ ውቤ ደግሞ «ሂሳብ» የተባለውን አኒሜሽን የሠራው በአንድ ሸራ ላይ ደጋግሞ እየቀባና ፎቶ እያነሣ ነው። ታሪኩ ሁላችንም የምናውቀው ነው፦ አህያ፣ ፍየልና ውሻ ታክሲ ተሳፍረው፣ አህያዋ ስለከፈለች መኪና የማትፈራው፣ ፍየሏ ሳትከፍል ስለወረደች የምትሸሸው፣ ውሻው ደግሞ መልሱን ስላልተቀበለ መኪና የሚያሳድደው። እንዲህ ያለ ስንት ጨዋታ በየሰፈራችን አለ፤ የሚሠራው ሰው እንዳይጠፋ ነው ጭንቀቴ።

ይህን የምለው ብዙ ጎበዝ ልጆች በዝምታ ሲያቆሙ ስላየሁ ነው። ክፍያ በሌለበት ሥራ ሰውን የሚያቆየው ሥራውን የሚጠብቅለት ሰው መኖሩ ነው።

ስለዚህ ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ወደ ቡድናችን ግቡና ወደ ላይ ውጡ። መልስ ሳያገኝ ያለፈ ክሊፕ አታጡም። ደጋግማችሁ እዩት። የወደዳችሁትን አንድ ነገር፣ ቢስተካከል የምትሉትን አንድ ነገር ከነፍሬሙ ጻፉለት። ቀጣዩን መቼ እንደሚልክም ጠይቁት።