ስለ ልጆች ሮቦትና ስለሚታጠፍ ጠረጴዛ

በዘመናችን ልጆች ከሚማሩት ጥበብ አንዱ፥ ሮቦት የተባለውን፥ የተሰጠውን ትእዛዝ በልቡ ይዞ በራሱ የሚንቀሳቀሰውን ትንሽ መኪና መሥራት ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2004 ዓ.ም. የዓለም ሮቦት ኦሎምፒያድ የተባለው የተማሪዎች ውድድር ተጀመረ። ሮቦሚሽን በሚባለው ክፍሉ ሁለት ወይም ሦስት ልጆች ከአንድ አሠልጣኝ ጋራ ሆነው ይሰለፋሉ፤ ሮቦታቸውም ሲነሣ በርዝመቱም በወርዱም በቁመቱም ከ25 ሳንቲሜትር መብለጥ የለበትም። ሥራውንም በጠረጴዛ ላይ በሁለት ደቂቃ መፈጸም አለበት።

እኛ ወላጆች ስለ ሮቦቱ ዋጋ ብዙ እንጨነቃለን፤ ስለ ጠረጴዛው ግን የሚያስብ ጥቂት ነው። እኔም ከማያስቡት አንዱ ነበርሁ። ልጄ ከሁለት ጓደኞቿ ጋራ የምትለማመደው፥ ሁለት የምግብ ጠረጴዛዎች ገጥመን በሰጠናት ላይ ነበር። ሮቦቱም ከመካከል በደረሰ ቍጥር ወደ ግራ ይስታል። ልጅቱ ሦስት ሳምንት ሙሉ ትእዛዙን እየፋቀች እንደ ገና ስትጽፍ ታመሽ ነበር፤ እኔም «አስተውለሽ ብትሠሪ ኖሮ» እያልሁ ገሠጽኋት። በመጨረሻም «ይህ ነገር ለእኔ አልተፈጠረም» ብላ ልትተወው ደረሰች። በዚያን ጊዜ ጣቴን በመገጣጠሚያው ላይ ባሳልፍ፥ አንዱ ገበታ ከሌላው የጥፍር ውፍረት ያህል ከፍ ብሎ አገኘሁት። በችሎት ጽሕፈት ማስረጃ ሳይታይ ፍርድ እንዳይጻፍ የምጠነቀቅ ሰው፥ በቤቴ ይህን ማድረጌ እጅግ አሳፈረኝ።

ስለዚህ ወደ አንድ ሽማግሌ አናጢ ሄድሁ። የጠረጴዛው የውስጥ ልክ 2362 በ1143 ሚሊሜትር ነው። በዙሪያው 38 ሚሊሜትር ውፍረትና 50 ሚሊሜትር ከፍታ ያለው ጠርዝ ሲቆምበት የውጭው ልክ 2438 በ1219 ይሆናል፤ ይህም በገበያ የሚሸጠው የአንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ ልክ ነው። ነገር ግን ይህን የሚያህል ገበታ ዘርግቶ የሚያስቀምጥ ሰፊ ቤት ያለው ማን ነው? አናጢው ጥቂት አሰቡና «ጌታዬ፥ እንደ ሁለት ክንፍ ሥዕል ፊት ለፊት ቢዘጋስ?» አሉኝ። እውነትም የአባቶቻችን ሥዕል ተዘግቶ ፊቱ ከአቧራ ይጠበቃል።

ችግሩ ግን በማጠፊያው ላይ ነበር። ማጠፊያው በገበታው ፊት ላይ ቢመታ፥ ጠርዞቹ ቀድመው ይጋጩና አይዘጋም፤ ጕብታውም የሮቦቱን መንገድ ያሰናክላል። ስለዚህ አናጢው በሁለቱ ረዣዥም ጠርዞች ራስ ላይ፥ በመቍረጫው ቦታ መቱት። አሁን ሲዘጋ ጠርዝ በጠርዝ ላይ ይተኛል። ሲዘረጋ ደግሞ መካከሉ በክብደቱ ይሰምጥና መገጣጠሚያው ከበታች ሊከፈት ይሻል፤ ይህንም ለመከልከል ከሥሩ ሁለት የእንጨት ድጋፍ ጐን ለጐን አድርገው፥ በጣት በሚጠብቅ ዳዶ በሁለት ብሎን አሰሩት። ሁለቱ ፊቶች በአንድ ከፍታ እንዲገጥሙ ትንንሽ የእንጨት ችካሎች በመገጣጠሚያው ውስጥ ሰኩ። መቆሚያም ከሁለቱ ዳር ብቻ ሳይሆን ከመካከሉ በታች አደረጉለት።

እኔ ዋጋው ይቅለል ብዬ ለጠርዙ ባሕር ዛፍ ይዤ ሄጄ ነበር። አናጢው «ሲደርቅ ይጠማዘዛል» ብለው መለሱት፤ መልካም አደረጉ። ደግሞ መጋዝ እንደሚበላ አስታወሱኝ፤ ኮምፔንሳቶው ከመካከሉ ሲቈረጥ 3 ሚሊሜትር ያህል ስለ ጐደለ፥ የዳሩን ጠርዝ በዚያው መጠን ወደ ውጭ አወጡት። ይህን ባላሰቡ ኖሮ በላዩ የሚነጠፈው የውድድሩ ሥዕል ይጨማደድ ነበር። ሥዕሉም ተጠቅልሎ ይቀመጣል እንጂ ፈጽሞ አይታጠፍም፤ እጥፋቱ ለሮቦቱ ሌላ እንቅፋት ነውና።

በመጀመሪያው ምሽት በውሃ ልክ አስተካክለን ዘረጋነው። ሮቦቱ መካከሉን ቀጥ ብሎ ዐለፈ። ከዚያ ወዲያ በሌላ ቦታ ሳተ፤ ይህ ግን በእውነት የልጄ ስሕተት ነበርና ራሷ አግኝታ ሣቀች። እራት ሲቀርብ ብሎኖቹን ፈታች፥ ገበታውንም ዘጋችና «አባባ፥ ያንን ጫፍ ይያዙልኝ» አለችኝ።