የቆየ የመሬት ሉል የተሠራበትን ዘመን እንዴት መለየት ይቻላል?

በትምህርት ቤቶች የንብረት ክፍል፣ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያዎችና ከወላጅ በተወረሱ ዕቃዎች መካከል በተለምዶ ግሎብ የሚባሉ የቆዩ የመሬት ሉሎች ይገኛሉ። አብዛኛውን ጊዜ ካርታቸው ጊዜ ያለፈበት በመሆኑ ከአገልግሎት ውጪ ከሆኑ ንብረቶች ጋር ተደምረው ይወገዳሉ፤ አለዚያም በዝቅተኛ ዋጋ ይሸጣሉ። ይሁን እንጂ ሉሉን ለማስተማሪያነት የማይበቃ ያደረገው አሮጌ ስምና አሮጌ ድንበር፣ ዕቃው መቼ እንደተሠራ የሚመሰክር ዋነኛ ማስረጃ ነው። ይህ ማብራሪያ ባለንብረቶችና የንብረት ኃላፊዎች ከመወሰናቸው በፊት የሉሉን ዘመን ራሳቸው ማጣራት እንዲችሉ የተዘጋጀ ነው።

በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በተለየ ሁኔታ ካልተገለጸ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ለመቀየር ከጃንዋሪ መጀመሪያ እስከ መስከረም 1 ዋዜማ ላለው ጊዜ 8 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ላለው ደግሞ 7 ዓመት ይቀነሳል።

የአምራቹን ሰሌዳ ማንበብ

በመጀመሪያ፣ ብዙውን ጊዜ በሰፊው ውቅያኖስ ላይ የሚታተመውን የአምራቹን ሰሌዳ ማንበብ ይገባል። በሰሌዳው ላይ የአምራቹ ስም፣ የተሠራበት ከተማና የሉሉ መጠን ሊገኝ ይችላል። የአምራቹ ስም ብቻውን የዘመን ወሰን ይሰጣል። ለምሳሌ የቺካጎው ሬፕሎግል የተመሠረተው በ1930፣ የበርሊኑ ኮሎምቡስ ደግሞ በ1909 በመሆኑ፣ ስማቸውን የያዘ ሉል ከእነዚህ ዓመታት ሊቀድም አይችልም።

ሆኖም ዓመተ ምሕረት የሌላቸው ሉሎች ብዙ ናቸው። ዓመቱ የታተመበት ሉል በሱቅ ውስጥ ሳለ ያረጀ መስሎ ስለሚታይ አምራቾች ቀኑን መተው ይመርጡ ነበር። ዓመት ቢገኝም ካርታው መጀመሪያ የተዘጋጀበት ሊሆን ስለሚችል፣ ከታች ከተገለጸው ስሌት ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

ዋናው ስሌት፦ አዲሱ ስምና አሮጌው ስም

የሉልን ዘመን መለየት ማለት ሁለት ዓመታትን መፈለግ ማለት ነው። የመጀመሪያው በካርታው ላይ የሚታየው የመጨረሻው ለውጥ የተደረገበት ዓመት ነው፤ ሉሉ ከዚያ በፊት አልተሠራም። ሁለተኛው በካርታው ላይ ገና ያልታየው የመጀመሪያው ለውጥ የተደረገበት ዓመት ነው፤ ሉሉ ከዚያ በፊት የተሠራ ሳይሆን አይቀርም።

የሁለቱ ማስረጃዎች ክብደት እኩል አለመሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። አንድ ካርታ ሠሪ ገና ያልተሰጠን ስም ሊጽፍ ስለማይችል አዲስ ስም ጽኑ ማስረጃ ነው። አሮጌ ስም ግን ደካማ ማስረጃ ነው፤ አምራቹ ቀደም ሲል ያሳተመውን ወረቀት እስኪጨርስ ድረስ ሊጠቀምበት ይችላልና። በመሆኑም የላይኛውን ወሰን በጥቂት ዓመታት ማላላት ተገቢ ነው።

ይህ ስሌት ለጥንታዊ ሉሎችም ይሠራል። እስከ ዘመናችን ከደረሱት የመሬት ሉሎች ቀዳሚው በ1492 በኑረምበርግ ከተማ በማርቲን ቤሃይም መሪነት የተሠራው ነው። ኮሎምቦስ ከጉዞው የተመለሰው በ1493 በመሆኑ በዚህ ሉል ላይ አሜሪካ የለችም።

በቅድሚያ ሊታዩ የሚገባቸው ስሞች

• የዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ ከ1914 እስከ 1924 ፔትሮግራድ፣ ከዚያም እስከ 1991 ሌኒንግራድ ተብላለች።
• ክርስቲያኒያ በ1925 ኦስሎ፣ ፋርስ በ1935 ኢራን ተብለዋል።
• ፓኪስታን በ1947፣ እስራኤል በ1948 በካርታ ላይ መታየት ጀምረዋል።
• ጎልድ ኮስት በ1957 ጋና ሆናለች። በ1960 ነጻ የወጡት የአፍሪካ አገሮች 17 በመሆናቸው፣ ምዕራብ አፍሪካ በአንድ የፈረንሳይ ቀለም ከተሸፈነ ሉሉ ከዚያ ዓመት በፊት የተዘጋጀ ነው።
• ምሥራቅ ፓኪስታን በ1971 ባንግላዴሽ፣ ሲሎን በ1972 ስሪላንካ፣ ሮዴዥያ በ1980 ዚምባብዌ፣ አፐር ቮልታ በ1984 ቡርኪና ፋሶ ተብለዋል።
• ሁለቱ ጀርመኖች የተዋሐዱት በ1990፣ ሶቪየት ኅብረት የፈረሰው በ1991፣ ደቡብ ሱዳን የተመሠረተችው በ2011 ነው።

የአፍሪካ ቀንድ እንደ መለያ

ባለፈው መቶ ዓመት ስምና ድንበር ደጋግሞ ከተለወጠባቸው አካባቢዎች አንዱ የራሳችን ቀጣና በመሆኑ፣ ለአገራችን ባለንብረቶች ምርመራውን ከዚህ መጀመር ይቀላል።

ኢትዮጵያ፣ ኤርትራና የኢጣሊያ ሶማሌላንድ በአንድነት “የኢጣሊያ ምሥራቅ አፍሪካ” ተብለው ከተጻፉ፣ ካርታው በ1936 እና በ1941 መካከል ያለውን የወረራ ዘመን ያሳያል። አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ግን ለወረራው ዕውቅና አልሰጡም። ስለዚህ ሉሉ የት እንደተሠራ ሳይታይ፣ ይህ ስም ባለመኖሩ ብቻ በእነዚያ ዓመታት አልተሠራም ማለት አይቻልም።

ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን የተቀላቀለችው በ1952 ሲሆን ፌዴሬሽኑ የፈረሰው በ1962 ነው፤ ነጻ አገር ሆና የምትታየው ከ1993 ወዲህ ነው። ሱዳን እስከ 1956 የእንግሊዝና የግብፅ ተብላ ትጻፍ ነበር። የእንግሊዝና የኢጣሊያ ሶማሌላንድ በ1960 ተዋሕደዋል። ጅቡቲ እስከ 1967 የፈረንሳይ ሶማሌላንድ፣ ከዚያም እስከ 1977 የአፋርና የኢሳ የፈረንሳይ ግዛት ተብላለች። የሩዶልፍ ሐይቅ ደግሞ በ1975 ቱርካና ተብሏል።

አንድ ምሳሌ

አንድ ትምህርት ቤት ዓመት የሌለው ሉል አለው እንበል። ስሪላንካ የሚለው ስም ይነበባል፤ ሞዛምቢክ ግን የፖርቱጋል ግዛት ናት። ስሪላንካ ስሟን የያዘችው በሜይ 1972፣ ሞዛምቢክ ነጻ የወጣችው በጁን 1975 ነው። ስለዚህ ካርታው የተዘጋጀው በእነዚህ መካከል፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከግንቦት 1964 እስከ ሰኔ 1967 ባለው ጊዜ ነው። በሁለት ስሞች ብቻ ዘመኑ ወደ ሦስት ዓመት ጠበበ፤ የ1966ቱ አብዮትም በመካከሉ ይገኛል።

የተሠራበት ቁስና ማስመሰያዎች

የቀድሞ ሉሎች ብዙውን ጊዜ ከወረቀት ጭማቂ ተሠርተው በጀሶ የተለበጡ ናቸው፤ ካርታው እንደ ብርቱካን ክፋይ ጫፉ ቀጥኖ በተቆረጠ፣ ብዙውን ጊዜ 12 በሆነ የታተመ ወረቀት ይለጠፍባቸዋል። ቆርቆሮና ፕላስቲክ በስፋት የተለመዱት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ቡናማ ቀለም፣ የመርከብና የባሕር አውሬ ሥዕል ያለባቸው ብዙ ሉሎች ለቤት ማስጌጫ በቅርብ ዘመን የተሠሩ ናቸው። የብዙ መቶ ዓመታት ዕድሜ አለው በሚባል ሉል ላይ በአጉሊ መነጽር ሲታይ የተደራጁ ጥቃቅን ባለቀለም ነጠብጣቦች ከተገኙ፣ ኅትመቱ የዘመናዊ ማሽን ነው። ገዢዎች ክፍያ ከመፈጸማቸው በፊት ይህንን እንዲያረጋግጡ ይመከራል።

አያያዝና ቀጣይ እርምጃ

የወረቀት ሉልን በእርጥብ ጨርቅ ማጽዳት ቫርኒሹንና ጽሑፉን ያበላሻል፤ አቧራን በለስላሳና ደረቅ ብሩሽ ማንሣት በቂ ነው። የተላጠ ወረቀት በፕላስተር መለጠፍ፣ የጠፋን ስም በእስክሪብቶ መጻፍ ወይም የማይወደድን ስም መፋቅ አይገባም። የወረራ ዘመን ስያሜም ቢሆን የታሪክ ማስረጃ እንጂ የዛሬ ባለንብረት አቋም መግለጫ አይደለም። አምፖል ያለው የቆየ ሉል ገመዱ በባለሙያ ሳይታይ ከኤሌክትሪክ ጋር መገናኘት የለበትም።

አንድ ሉል አሮጌ በመሆኑ ብቻ ቅርስ አይሆንም። ነገር ግን ማን እንደተጠቀመበት ወይም በየትኛው ተቋም እንዳገለገለ የሚያሳይ ማኅተም፣ የንብረት ቁጥር ወይም የስጦታ ጽሑፍ ካለው ታሪካዊ ዋጋው ከፍ ሊል ይችላል። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ዓ.ም. የተከለከለ በመሆኑ፣ እንዲህ ያለ ምልክት የተገኘበት ሉል ከመሸጡ ወይም ወደ ውጭ ከመላኩ በፊት በአካባቢው ለሚገኝ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማሳየት ተገቢ ነው። ለዚህም የሰሌዳውን፣ የአፍሪካ ቀንድንና የመቆሚያውን ፎቶግራፍ ማንሣት፣ የተገኙትን ሁለት ዓመታትና ሉሉ ከማን እንደተገኘ በጽሑፍ ማስፈር ይጠቅማል።