ጎጃም የደረሰው የቻይና ባህላዊ መድኃኒት

የቻይና ባህላዊ ሕክምና ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን መርፌው ነው። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ወዳሉ የገጠር ቀበሌዎች ግን ይህ ሕክምና ከገባ ቆይቷል፤ የገባውም በወባ ኪኒን ነው። ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ ወርዶ ወይም ዓባይ በረሃ ከርሞ፣ ብርድ ብርድ እያለው ወደ ማቻከል ወይም ወደ አዋበል የተመለሰ ሰው ጤና ኬላ ሲደርስ ደሙ ይመረመራል። ፋልሲፓረም የተባለው ገዳይ የወባ ዓይነት ከተገኘበት በብዛት የሚሰጠው ኮአርተም ነው፤ ለአዋቂ ጠዋትና ማታ አራት አራት ፍሬ፣ ለሦስት ቀን። ኢትዮጵያ ከዚያ በፊት ለወባ ይሰጥ የነበረውን ፋንሲዳርን ትታ ይህን መድኃኒት የመጀመሪያ ምርጫዋ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በኪኒኑ ውስጥ ያሉት አርቴሜተርና ሉሜፋንትሪን ሁለቱም የቻይና ተመራማሪዎች ውጤት ናቸው። አርቴሜተር የሚሠራው ቺንግሃው ከሚባል ተክል ሲሆን፣ እሱም የእኛው አሪቲ ዘመድ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በጦርነት ነው። በቬትናም ጫካ ወባ ወታደሩን ሲጨርሰው የሰሜን ቬትናም መንግሥት የቻይናን እርዳታ ጠየቀ። ቻይናም እ.ኤ.አ. ሜይ 23 ቀን 1967 ምስጢራዊ ምርምር ጀመረች፤ የተጀመረበትን ቀን ይዞ «523» ተባለ። በ1969 ሥራውን የተቀላቀሉት የፋርማሲ ባለሙያዋ ቱ ዩዩ የጥንት የሕክምና መጻሕፍትን አገላበጡ፣ ሽማግሌ ሐኪሞችን ጠየቁ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ የዕፅዋት ጭማቂዎችን ወባ በያዛቸው አይጦች ላይ ሞከሩ። አብዛኛው አልሠራም። ቺንግሃው እንኳ አንድ ጊዜ ተስፋ ይሰጣል፣ ሌላ ጊዜ ከንቱ ይሆናል።

መልሱ የተገኘው በአራተኛው ክፍለ ዘመን በኖረው በጌ ሆንግ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ጌ ሆንግ ቅጠሉ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ ተጨምቆ ጭማቂው እንዲጠጣ ያዛል እንጂ ይፈላ አይልም። ቱ ዩዩ ይህን ሲያነቡ ሙቀቱ መድኃኒቱን እያበላሸው ሊሆን እንደሚችል ጠረጠሩ። ስለዚህ በ35 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሚፈላው በኤተር አወጡት። በኦክቶበር 1971 የተሞከረው 191ኛው ናሙና በአይጦቹ ደም ውስጥ የነበረውን ተውሳክ ሙሉ በሙሉ አጠፋ። ለሕመምተኛ ከመስጠታቸው በፊት ደግሞ እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ራሳቸው ወሰዱት። እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ያገኙት በዚህ ሥራ ነው።

ከተክሉ ነጥሮ የወጣው አርቴሚሲኒን በውስጡ ሁለት የኦክስጅን አተሞች የተያያዙበት ድልድይ አለው። የወባ ተውሳክ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ሄሞግሎቢን ሲበላ፣ በሄሞግሎቢኑ ውስጥ የነበረው ብረት ይጋለጣል። ይህ ብረት ድልድዩን ሲሰብረው የሚፈጠሩት ቁጡ ኬሚካሎች የተውሳኩን ፕሮቲኖች ያወድማሉ። ተውሳኩን የሚገድለው እንግዲህ የራሱ ምግብ ነው። አርቴሜተር ፈጥኖ ይገድላል፣ ግን በሰዓታት ውስጥ ከሰውነት ይወጣል። የተረፈውን የሚለቅመው ለቀናት የሚቆየው ሉሜፋንትሪን ነው። ሉሜፋንትሪን በደንብ ወደ ደም የሚገባው ስብ ካለበት ምግብ ጋር ሲወሰድ ስለሆነ ወተት ጥሩ ነው፤ በጾም ወራት ዘይት በዛ ያለበት ወጥ ይተካዋል። ትኩሳቱ በረደልኝ ብሎ በሁለተኛው ቀን ማቋረጥ ግን በሽታው እንዲያገረሽ በር ይከፍታል።

ይህ ሁሉ የቻይናን ባህላዊ ሕክምና በጅምላ እውነት አያደርገውም። የዓለም ጤና ድርጅት የዚሁ ተክል ሻይ ለወባ እንዳይወሰድ ይመክራል፤ በአንድ ስኒ ውስጥ ምን ያህል መድኃኒት እንዳለ አይታወቅምና፣ አነስተኛ መጠን ደግሞ ተውሳኩን ያለማምደዋል። መላመዱም ለእኛ የሩቅ ስጋት አይደለም፤ አርቴሚሲኒንን ከመቋቋም ጋር የተያያዘ የዘረመል ለውጥ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያና በኤርትራ ተገኝቷል። ከወባ ውጭም፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤልጂየም ውስጥ የቻይና ዕፅ ያለበት የማቅጠኛ ክኒን የወሰዱ ብዙ ሴቶች ኩላሊታቸው ከጥቅም ውጭ ሆኗል። አኩፓንክቸር የተባለው የመርፌ ሕክምናም ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም መጠነኛ እፎይታ ሊሰጥ ይችላል፤ የሳንባ ምችን ግን አያድንም።

ይህን ስጽፍ ከሐሳቤ የማይወጣው የጎጃም መድኃኒት ነው። ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ከሚለው ከጮቄ ተራራ እስከ ዓባይ በረሃ በሚወርደው በዚህ አገር ኮሶ፣ እንዶድ፣ ዳማከሴ፣ ጤና አዳም፣ ጦስኝ ስሙም ጥቅሙም የታወቀ ነው። ደብተራዎቻችን ለዘመናት የገለበጧቸው የመድኃኒት መጻሕፍት አሉ። ጌ ሆንግ አጥተን አናውቅም። ያጣነው ከእሱ በኋላ የሚመጣውን ሥራ ነው።

ኮሶን እንውሰድ። የሴቴው ዛፍ አበባ የኮሶ ትልን እንደሚያስወጣ አያቶቻችን ያውቁ ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ሳይቀሩ ሸጠውታል። ነገር ግን መጠኑ በእፍኝ ነበር፤ የእፍኝ ልክ ደግሞ እንደ ሰው ይለያያል። ከመጠን ያለፈ ኮሶ የዓይንን ነርቭ ጎድቶ ሰውን እስከ መታወር ሊያደርስ ይችላል። ተክሉ መድኃኒት መሆኑ እውነት ነው፣ መርዝ መሆኑም እውነት ነው፤ ሁለቱን የሚለየው ልኩ ነው።

እንዶድ ደግሞ የተሻለ ዕድል ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ነው። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለዓመታት ደከሙበት፤ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። የእንዶድ ዱቄት ግን እንደ ኮአርተም በየጤና ኬላው መደርደሪያ ላይ አልደረሰም። በእኔ እምነት የቻይናው ቅጠል ብልጫ ከኋላው የቆመው መንግሥት ነው፤ ቻይና በመቶዎች የሚቆጠሩ ሳይንቲስቶችን አሰማርታለች፣ ለሙከራውም ገንዘብ መድባለች።

የእኛ የመድኃኒት አዋቂዎች ቅጠሉን ለመናገር የሚፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ምስጢር ለሚወዱት ልጅ የሚያወርሱት ሀብት ነው፤ ተነጥቆ መቅረትም አለ። አዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰብ ዕውቀት ባለቤቶች ከጥቅሙ እንዲካፈሉ ይደነግጋል። ይህን አዋጅ ስናን ወይም ባሶ ሊበን ወርዶ ለመድኃኒት አዋቂዎቹ በሚገባቸው ቋንቋ የሚያስረዳ ያስፈልጋል። አዋቂው መብቱን ሲያውቅ ቅጠሉን ያሳያል፤ ያኔ የተክሉ ስም፣ የተቆረጠበት ወቅትና የሚሰጠው መጠን ተመዝግቦ ቤተ ሙከራ ይገባል። የክልሉ ዩኒቨርሲቲዎች ከዚህ የበለጠ ለአካባቢያቸው የቀረበ ሥራ የላቸውም። አዋቂዎቹ ሽማግሌዎች ናቸውና ሥራው ዘንድሮ ይጀመር።

እስከዚያው ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ ወባ ካለበት አካባቢ የተመለሰ ዘመድዎ ካተኮሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ኬላ ያድርሱት። የጠጣው የባህል መድኃኒት ካለም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሳይደብቁ ይንገሯት።