ስማቸው ያልተጠራበት ሕግ

እ.ኤ.አ. በ1935 በኒው ዮርክ ብሮንክስ፣ በጀሮም ጎዳና ጥግ ላይ ጥቁር ሴቶች ከጠዋት ጀምረው ይቆማሉ። እያንዳንዷ የወረቀት ጥቅል ይዛለች። ነጭ እመቤቶች መጥተው ያማርጣሉ፣ በዋጋ ይከራከራሉ፤ ክፍያው በሰዓት እስከ 15 ሳንቲም ይወርዳል። ኤላ ቤከርና ማርቬል ኩክ በዚያው ዓመት «ዘ ክራይሲስ» መጽሔት ላይ እንደዘገቡት፣ አንዳንዷ እመቤት የግድግዳውን ሰዓት ወደ ኋላ ትመልሰዋለች። ሠራተኛዋ ደክማ የጨረሰችው ሰዓት ከሒሳቡ ይጎድላል።

ዘገባው ከመውጣቱ ሦስት ወር ገደማ በፊት ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የማኅበራዊ ዋስትና ሕግን ፈርመው ነበር። በሕጉ ውስጥ «ጥቁር» የሚል ቃል የለም፤ «ሴት ይቅርባት» የሚልም የለም። የእርሻና የቤት ሠራተኞችን ግን ሕጉ ካቋቋመው ጡረታ አስቀርቷል። በዚያ ዘመን ከ10 ሠራተኛ ጥቁር ሴቶች 9 ያህሉ የሚሠሩት በእነዚሁ ሁለት መስኮች ነበር። ጠበቃው ቻርልስ ሂዩስተን ስለ ረቂቁ በሴኔቱ ኮሚቴ ፊት ሲመሰክር ከወንፊት ጋር አመሳስሎት ነበር፤ ቀዳዳው አብዛኞቹን ጥቁሮች ለማሾለክ የተለካ።

የታሪክ ምሁራን ምክንያቱ ላይ አይስማሙም። አንዳንዶች የደቡብ ባለርስቶች ጉልበት ርካሽ ሆኖ እንዲቆይ መፈለጋቸውን ያነሳሉ፤ ሌሎች ከየቤቱ መዋጮ መሰብሰብ አስቸጋሪ ስለነበር ነው ይላሉ። ለእኔ ውጤቱ ከሐሳቡ ይበልጣል። ጥቁሯን የቤት ሠራተኛ ቆዳዋ ከቢሮና ከፋብሪካ አስቀርቷታል፤ ሴትነቷ ማእድ ቤት አስገብቷታል። የማእድ ቤቱ ልፋት ደግሞ «የሴት ወጉ ነው» ተብሎ ከሥራ አልተቆጠረም። የፋብሪካው ጥቁር ወንድ ጡረታ ነበረው፤ የቢሮዋ ነጭ ጸሐፊም ነበራት፤ እሷ ግን አልነበራትም።

«ጡረታ» የሚለው ቃል ራሱ ከመጦር የመጣ ነው። መንግሥት ያልጦራትን እናት ልጇ ጦረቻት፤ ለልጆች ትምህርት ወይም ለቤት መግዣ ሊቀመጥ የሚችል ገንዘብ እዚያው አለቀ። በ1965 ዳንኤል ፓትሪክ ሞይኒሃን ለመንግሥት ባቀረበው ጥናት ባርነትንና ሥራ አጥነትን ባይዘነጋም፣ እናት የምትመራውን የጥቁር ቤተሰብ የጥቁር ማኅበረሰብ ችግር ማዕከል አድርጎ ሳለው። ቤቱን ያቆመችውን ሴት የቤቱ በሽታ አደረጋት።

ጡረታው በቋሚነት ለሚቀጠሩ የቤት ሠራተኞች የተከፈተው በ1950 ነው። የፌዴራሉ ዝቅተኛ ደመወዝ የደረሳቸው ግን በ1974። በ1935 ጀሮም ጎዳና ላይ 20 ዓመቷ የነበረች ሴት ያኔ 59 ሞልቷት ነበር።