የጭቃው አራሽ

ለበዓል ቄጠማ ሲያጭድ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ የገባ ሰው ረግረግ ምን እንደሆነ ንገሩኝ አይልም። የእኛ ረግረግ ግን ውኃው ጨው የለበትም፤ ክረምት ሲገባ ይሞላል፣ በጋ ሲበረታ ይሸሻል። በአሜሪካዋ ጆርጂያ ጠረፍ ያለው ሌላ ነው። የአትላንቲክ ውቅያኖስ በቀን ሁለት ጊዜ ከ2 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይመጣበታል፤ ሁለት ጊዜ ደግሞ ጭቃውን አራቁቶ ይመለሳል። ይህን ጨውና ጭቃ የቻለ አንድ ሣር አለ፤ ስፓርቲና ይባላል። ተቀናቃኝ ስለሌለው ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ እሱ ብቻ ነው። አትላንታ የሚኖሩ ወገኖቻችን ለሽርሽር ወደ ባሕሩ ሲወርዱ ከድልድይ ላይ የሚያዩት አረንጓዴ ሜዳ ይኸው ነው። ተራ ሜዳ መስሏቸው የሚያልፉት ብዙ ይመስሉኛል።

በዚሁ ጠረፍ ሳፔሎ የምትባል፣ በጀልባ የሚደረስባት ደሴት አለች። የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1953 የባሕር ምርምር ተቋም ያቋቋመው እዚያ ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። ጆን ቲል የተባለው ተመራማሪ በ1962 ያሳተመው ጥናት የዚህን ረግረግ ገቢና ወጪ እንደ ሒሳብ ሹም መዝግቦታል፤ ከፀሐይ ስንት ገባ፣ ሣሩ ስንቱን ያዘ፣ ነፍሳቱና ሸርጣኑ ስንቱን በሉ። ከመዝገቡ የወጣው ድምዳሜ ስፓርቲናን በሕይወት ሳለ የሚበላው እንስሳ ጥቂት ነው የሚል ነበር። አብዛኛው ሣር ሞቶ፣ በስብሶ፣ ከዚያ በኋላ ነው ሌላውን የሚመግበው። እንዲያ ከሆነ የሣሩ ዕጣ የሚወሰነው ከሥሩ ነው፤ ማለትም በናይትሮጅን፣ በጨውና በውኃ። እንስሳቱ የተጣለላቸውን የሚለቅሙ እንግዶች ናቸው። ይህ አስተሳሰብ ለአሥርት ዓመታት ማስተማሪያ ሆኖ ኖረ።

ብራያን ሲሊማን የተባለ ተመራማሪ ገና ተማሪ ሳለ የጠየቀው ጥያቄ ሲሰሙት የዋህ ይመስላል። በየሣሩ ግንድ ላይ የተለጠፈው ያ ሁሉ ቀንድ አውጣ ምን ይሠራል? መልሱ የታወቀ ነበር፤ የሞተ ቅጠል ይልሳል ተብሏል። ባሕሩ ሲሞላ ግንዱን ይዞ ወደ ላይ የሚወጣው ደግሞ ከውኃው ጋር ከሚመጣው ሰማያዊ ሸርጣን ለማምለጥ ነው፤ ሸርጣኑ ዛጎሉን በመቆንጠጫው ሰብሮ ይበላዋል። ሲሊማን መልሱን ከማመን ይልቅ ጭቃው ላይ የመረብ አጥር አጠረ። ባንዱ አጥር ቀንድ አውጣ አበዛ፣ ባንዱ አሳነሰ፣ ካንዱ ጨርሶ አስወጣ፤ ከዚያ ጠበቀ።

ከተመራማሪው ማርክ በርትነስ ጋር ሆኖ ውጤቱን በ2002 ሲያሳትም ብዙዎችን ያስደነገጠው ቁጥር ስምንት ነበር። ቀንድ አውጣዎቹ አዳኝ ሳይደርስባቸው ሲበዙ፣ በምድር ላይ ምርታማ ከሚባሉት የሣር መሬቶች አንዱን በ8 ወር ውስጥ ባዶ ጭቃ አድርገውት ተገኙ። ከሥር ብቻ ይገዛል የተባለው ሣር ከላይም የሚገዛው አለ፤ ቀንድ አውጣው ሣሩን ይጎዳል፣ ሸርጣኑና የረግረጉ ኤሊ ደግሞ ቀንድ አውጣውን ይቀንሱታል። ሰማያዊ ሸርጣን የሰውም ምግብ ነው፤ በገፍ ይጠመዳል። ስለዚህ ሸርጣኑን ከልክ በላይ ማጥመድ ለረግረጉ መራቆት አንድ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ሁለቱ ተመራማሪዎች ሳያስጠነቅቁ አላለፉም።

እንግዲህ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ፍጥረት ይህን ሁሉ ሣር በምን አቅሟ ጨረሰችው? እኔን ከሁሉ ይበልጥ የገረመኝ ይህ ነው። ሲሊማንና ሌላው ተመራማሪ ስቲቨን ኒውል በ2003 እንዳሳዩት፣ ቀንድ አውጣው የሚፈልገው ሣሩን ሳይሆን ሻጋታውን ነው። ምላሱ እንደ ሞረድ ጥርስ የበቀለበት ነው። በዚያ ሞረድ አረንጓዴውን ቅጠል ከላይ ወደ ታች እየፋቀ ይተለትላል፤ በቁስሉ ላይ ፍጉን ይጥላል። ፍጉ ውስጥ የፈንገስ ዘርም ማዳበሪያም አለ። ቁስሉ ይሻግታል፤ ባለቤቱ ተመልሶ ሻጋታውን ያጭዳል። ማረስ፣ ማዳበሪያ መጨመር፣ መዝራት፣ ማጨድ፤ የቀረው የለም። በክረምት ከኩይሳ ላይ እንጉዳይ የለቀመ ሰው ምስጥ ጎተራዋ ውስጥ ፈንገስ እንደምታመርት ሳያውቅ የምርቷን ተረፍ በልቷል። እንዲህ ያለ ግብርና ከነፍሳት ወገን ውጪ መኖሩ ግን ከዚያ በፊት አልታወቀም ነበር። ጉዳቱ ታዲያ ከተበላው ይልቅ ከቆሰለው ይመጣል፤ ትልሙ በበዛ ቁጥር ቅጠሉ ይደርቃል፣ ሣሩ ይወድቃል።

ነገሩ እዚህ ቢቆም ቀንድ አውጣውን ወንጀለኛ አድርጎ መዝጋት ይቻል ነበር። በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ጠረፍ ሰፋፊ ረግረጎች በድርቅ ሰሞን ሲሞቱ ግን ሌሎች ተመራማሪዎች ጣታቸውን የቀሰሩት ወደ ድርቁ ነበር፤ ዝናብ ሲጠፋ ጨው ይከማቻል፣ ጨው ሲከማች ሣር ይዳከማል። እነ ሲሊማን በ2005 ይዘውት የመጡት መልስ ሁለቱንም ያስታረቀ ነው። በሦስት ግዛቶች ካዩአቸው 12 የሞቱ ቦታዎች በ11ዱ ጠርዝ ላይ ቀንድ አውጣ ግንባር ፈጥሮ ተሰልፎ አገኙት። ድርቁ ሣሩን ያደክማል፤ ቀንድ አውጣው የደከመውን ይጥላል፤ ከዚያ የሚበላው ያጣው መንጋ እየተጠጋጋ፣ እንደ አንበጣ ፊት ለፊት ያለውን ጤነኛ ሣር ይይዛል። የራሱን ዝነኛ ግኝት እንዲህ ለማወሳሰብ የደፈረ ወጣት ተመራማሪ ከመጀመሪያው ግኝቱ ይልቅ በዚህኛው ሊከበር ይገባዋል ባይ ነኝ።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው ከሣሩ አልፎ ወደ መሬቱ ቅርጽ ዞረ። ጭቃው ራሱ የማን ሥራ ነው? በረግረጉ ውስጥ የባሕሩ ውኃ የሚገባባቸውና የሚወጣባቸው ቦዮች አሉ። በደቡብ ካሮላይና ኬፕ ሮሜይን በሚባለው ስፍራ ቦዮቹ ከ1968 ወዲህ በዓመት በአማካይ 1.9 ሜትር ወደ ሣሩ እየዘለቁ መሄዳቸውን በ2009 የወጣ ጥናት ለክቷል። ጫፋቸው ላይ ያለው ቆፋሪ ሌላ ሸርጣን ነው፤ ሴሳርማ ይባላል። የሣሩን ሥር ይበላል፣ ጉድጓድ በጉድጓድ ያደርገዋል፣ የላላውን ጭቃ ውኃው ጠርጎ ይሄዳል፤ ቦዩም ይረዝማል። ተመራማሪዋ ሺኔድ ክሮቲና ባልደረቦቿ በ2020 እንዳሳዩት የባሕሩ ወለል ከፍ እያለ ሲመጣ አፈሩ ይለሰልሳል፤ ለስላሳ አፈር ለቆፋሪ ይመቻል። ቀድሞ እምብዛም የማይታወቀው ሸርጣን የውኃ መውረጃውን መንገድ ወሳኝ ሆነ ማለት ነው።

ሸርጣኑ ሲንድ የሚገነባም አለ። ሪብድ መስል የሚባለው፣ እንደ መጽሐፍ የሚከፈትና የሚዘጋ ዛጎል ያለው ፍጥረት በክር በሚመስል ጅማት የሣሩን ግንድ ይዞ፣ እርስ በርሱም ተያይዞ፣ ጭቃው ውስጥ ግማሽ አካሉን ቀብሮ ይኖራል። ባሕሩ ሲሞላ ይከፈትና ውኃውን ያጣራል። የሚበላውን አስቀርቶ የማይፈልገውን ደለል በንፍጥ ጠቅልሎ ይተፋዋል። የተጠቀለለው ደለል ከባድ ስለሆነ ከውኃው ጋር አይመለስም፤ እዚያው ይቀመጣል። ዛጎሎቹ የተሰበሰቡበት ቦታ ቀስ በቀስ ጉብታ ይሆናል።

ይህ በአንዲት ጉብታ ዙሪያ ይታወቅ ነበር። ለአንድ ቦይ ተፋሰስ በሙሉ ይሠራ እንደሆነ ግን የሞከረ አልነበረም። ክሮቲና የሥራ ጓዶቿ ሳፔሎ ላይ ሁለት ቦይ መረጡና ከ200,000 በላይ ዛጎሎችን ካንደኛው ነቅለው ወደ ሌላኛው አዛወሩ። እያንዳንዱ ከጭቃ የሚነቀል፣ እንደገና ጭቃ ውስጥ የሚተከል ነው። በዚያ ጠረፍ ባሕሩ በዓመት ከ3 ሚሊሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ ረግረጉ ሳይሰጥም ለመቆየት ቢያንስ ያንኑ ያህል ጭቃ በየዓመቱ መደረብ አለበት። በ2023 በታተመው ውጤት ዛጎል የተጨመረለት ቦይ ደለል የመያዝ አቅሙ ጨመረ፤ የተወሰደበት ቀነሰ።