ኃይል ሲደክም ሒሳቡ ማን ላይ ያርፋል?

የከተማ ሰው ስለ መብራት ሲያማርር አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሳው የጠፋውን መብራት ነው። ሳይጠፋ ደክሞ ስለሚመጣው መብራት የሚሰማው ቅሬታ ያን ያህል ጎልቶ አይወጣም። አምፖሉ ይደበዝዛል፣ ምጣዱ አልግል ይላል፣ ቤተሰቡም «ኃይሉ ወርዷል» ብሎ ያልፈዋል። የወረደው ኃይል ግን ኪስ ውስጥ ይገባል። ስንት እንደሚወስድ ለማወቅ ደግሞ መነሻው ቮልትና አምፒር ነው።

በ220 ቮልት 16 አምፒር የሚስብ የእንጀራ ምጣድ አለ እንበል። ቮልቱ ለአምፒሩ ሲካፈል 13.75 ኦም ይገኛል። ይህ ከሸክላው ሥር በጎድጓዳው መስመር ውስጥ የተዘረጋው ጥምዝ ሽቦ፣ ጠጋኞች ሬዚስታንስ የሚሉት፣ ለኤሌክትሪኩ የሚያሳየው ተቃውሞ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ሲባዙ ደግሞ 3,520 ዋት ይመጣል፤ ምጣዱ አንድ ሰዓት ሙሉ ከበራ ቆጣሪው 3.52 ኪሎዋት ሰዓት ይመዘግባል ማለት ነው። የማካፈሉን ሕግ ጀርመናዊው መምህር ጌዮርግ ኦም በ1827 እ.ኤ.አ. አሳተመው። በሽቦ ውስጥ የሚያልፈው አምፒር እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ እንደሚሆን ያሳየው ደግሞ በ1840ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዛዊው ጄምስ ጁል ነው።

አሁን ምሽት ሆነ፤ ሰፈሩ ሁሉ እራት እያበሰለ ቮልቱ 180 ላይ ወረደ። የምጣዱ ሽቦ ያው ሽቦ ስለሆነ ተቃውሞው ብዙም አይለወጥም። ስለዚህ አምፒሩ ወደ 13.1፣ ኃይሉም ወደ 2,356 ዋት ያሽቆለቁላል። ቮልቱ የቀነሰው 18 በመቶ ሲሆን ኃይሉ የቀነሰው ግን 33 በመቶ ነው።

«ታዲያ ቆጣሪውስ ቀስ ብሎ ይቆጥር የለ? ምን ጎደለ?» የሚል አይጠፋም። የጎደለው ጊዜ ነው። በ220 ቮልት በ15 ደቂቃ የሚግል ምጣድ፣ በ180 ቮልት ያንኑ ሙቀት ለማግኘት ከ22 ደቂቃ በላይ ይፈልጋል። በተጨመሩት ደቂቃዎች ሸክላው ሙቀቱን ለአየሩ እየሰጠ ስለሚቆይ ትክክለኛው ጊዜ ከዚህም ይረዝማል፤ የባከነውን ሙቀት ቆጣሪው አይምርም። ሊጥ ሲፈስበት የቀዘቀዘው ምጣድ ቶሎ ስለማያገግም ደግሞ እንጀራው ዓይን ማውጣት ያቅተዋል። እንጀራ ሸጣ ለምትተዳደር ሴት ይህ የጊዜም የምርትም ኪሳራ ነው።

የጠፉት 40 ቮልቶች የት ገቡ? እዚህ ላይ ጉዳዩ ከቤት ወጥቶ የአቅራቢው ድርጅት የሒሳብ መዝገብ ውስጥ ይገባል። ቮልቱን ያወረደው የመስመሩ ተቃውሞ ብቻ ከሆነ፣ ከሰፈሩ ትራንስፎርመር በ220 ቮልት ከወጣው ከእያንዳንዱ 100 ኪሎዋት ሰዓት ውስጥ ወደ 18 የሚጠጋው ሽቦ ሲያሞቅ ይቀራል። ከቆጣሪው በፊት ስለባከነ ደረሰኝ የሚቆረጥለት የለም። ከግድብ ጀምሮ ወጪ የወጣበት ኃይል ሳይሸጥ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው።

አገሪቱ በረጅም መስመሮቿ ላይ ይህን ሒሳብ አሳምራ ታውቀዋለች። በ2015 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያዋ ሱስዋ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋው መስመር 2,000 ሜጋዋት የመሸከም አቅም አለው። አንዱ ወገን በፖዘቲቭ 500፣ ሌላው በኔጋቲቭ 500 ኪሎ ቮልት ስለሚሠራ በመካከላቸው 1,000 ኪሎ ቮልት ይኖራል። ሙሉ አቅሙ ሲጫን በሽቦው የሚያልፈው 2,000 አምፒር ነው። ቮልቴጁ በግማሽ ቢቀነስ ያንኑ ኃይል ለማድረስ 4,000 አምፒር ያስፈልግ ነበር፤ በዚያው ሽቦ የሚባክነው ሙቀትም አራት እጥፍ ይሆን ነበር። በየሰፈሩ ግን ከሩቅ የመጣ ኃይል የመጨረሻዎቹን ጥቂት መቶ ሜትሮች በቀጭን ሽቦና ከአቅሙ በላይ በተጫነ ትራንስፎርመር ሲጨርስ ማየት ያስቆጫል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ ደግሞ የሰፈር መስመሮች ማነቆነት ይበልጥ ጎልቶ መታየቱ አይቀርም።

ከቆጣሪው በኋላ ያለው ብክነት ግን የባለቤቱ ነው። በግቢው ጓሮ ወዳለችው ማዕድ ቤት 20 ሜትር ርቀት በ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ መብራት ተስቧል እንበል። ደርሶ መልሱ 40 ሜትር ነው፤ ተቃውሞው 0.47 ኦም ገደማ ይሆናል። 16 አምፒር ሲያልፍበት 120 ዋት ያህል ግድግዳ ሲያሞቅ ይውላል። ሽቦው ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን ብክነቱ ወደ 45 ዋት ይወርድ ነበር። ወፍራሙ ሽቦ ሲገዛ ቢወደድም በየወሩ ይመልሳል፤ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም በሚጨምርበት ታሪፍ ደግሞ ቶሎ ይመልሳል።

የጥገናውም ነገር አለ። ሬዚስታንሱ ሲበጠስ የተቃጠለውን ጫፍ ቆርጦ መቀጠል የተለመደ ነው። ከሽቦው አንድ አሥረኛው ከተቆረጠ ተቃውሞው ወደ 12.4 ኦም ይወርዳል፣ አምፒሩ ወደ 17.8፣ ኃይሉ ወደ 3,900 ዋት ይወጣል። ምጣዱ «እንደ አዲስ» ሲግል ባለቤቱ ይደሰታል፤ ለ16 አምፒር የተሠራው ሶኬት ግን ከአቅሙ በላይ እየተጫነ ነው፣ ሽቦውም ከበፊቱ ቶሎ ይበጠሳል። ርካሽ የተባለው ጥገና ብዙም ሳይቆይ ሶኬት ያስገዛል።

ምጣድ የሚገዛ ሰው እንግዲህ ሻጩን በስንት ቮልት ስንት ዋት እንደሆነ ይጠይቅ። ኃይል የደከመበት ሰፈርም ማታ ማታ የሚደርሰውን ቮልት በባለሙያ አስለክቶ ቁጥሩን ከነሰዓቱ ይዞ ያመልክት። «መብራቱ ደከመ» ከሚል አቤቱታ ይልቅ «ማታ 2 ሰዓት ላይ 180 ቮልት ነው የሚደርሰን» የሚል ማመልከቻ ለቴክኒሻኑም ለበጀት ክፍሉም የሚሠራበት ነገር ይሰጣል።