የአያት ጎጆ ሳይፈርስ

ረመዳን የተራራቀ ቤተሰብ የሚሰባሰብበት ወር ነው። ባህር ዳር ከሚኖሩ ሙስሊም ቤተሰቦች መካከልም ለኢፍጣር ወይም ለኢድ ከጣና በስተምሥራቅ ወዳሉት ደራና ፎገራ፣ ወደ አያቶቻቸው ቀዬ የሚሄዱ አሉ። እዚያም ከቆርቆሮ ቤቶቹ መካከል አልፎ አልፎ አሮጌ የሳር ጎጆ ይታያል።

የጎጆው አሠራር ቀላል ቢመስልም የታሰበበት ነው። በክብ የተተከሉት ቋሚዎች በማገር ይታሰሩና ከጭድ ጋር በቦካ ጭቃ ይመረጋሉ። የጣሪያው ሸክም መሐል በቆመው ምሰሶ ላይ ያርፋል። ክዳኑ የሾለው የክረምቱ ዝናብ ሳይቆይ እንዲወርድ ነው። የምድጃው ጭስም ሳሩን ያደርቀዋል፤ ከተባይም ይጠብቀዋል። በውስጥ የጭቃ መደብና የእህል ጎታ፣ በደጅ ጎተራ ይኖራል። ይህን ሁሉ አባወራው ብቻውን አይወጣውም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት በደቦ ያግዘዋል።

ጎጆው የቆመበት መሬትም የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ጎንደር ላይ የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። በዚህ አካባቢ አብዛኛው ሙስሊም ርስት ስላልነበረው ኑሮውን በንግድና በሽመና ላይ መሠረተ። ያረሰም ቢሆን በአመዛኙ በሰው መሬት ላይ ነበር፤ ጎጆ ቢቀልስ እንኳ መሬቱን ለልጁ አያወርስም።

ይህን የለወጠው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። አዋጁ ጭሰኝነትን አስቀርቶ ራሱ ለሚያርስ ሁሉ እስከ 10 ሄክታር የሚደርስ መሬት እንዲሰጠው ፈቀደ። ከዚያ ወዲህ የተቀለሰ ጎጆ ለብዙ ሙስሊም ቤተሰብ «የእኛ ደጅ» የተባለ የመጀመሪያው ቤት ነው።

ዛሬ ለክዳን የሚሆን ሳር እንደ ልብ አይገኝም፤ ቆርቆሮም በየጊዜው ክደኑኝ አይልም። ስለዚህ ገበሬው ጎጆውን ቢያፈርስ አይፈረድበትም። የሚያሳዝነው ታሪኩ አብሮ ሲፈርስ ነው። በ1967 ዓ.ም. የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ዕድሜው ከ70 ዘልሏል።

እንግዲህ ዘንድሮ ከኢፍጣር በኋላ ልጆች አያቶቻቸውን ይጠይቁ፦ ምሰሶው ከየት ተቆረጠ? በደቦው እነማን መጡ? መሬቱ በእጃችሁ የገባው እንዴት ነው? መልሱን በስልክ መቅዳትና ጎጆውን ፎቶ ማንሳት ወጪ የለውም። ቤቱ ቢፈርስ እንኳ ልጆቹ ከየት እንደተነሱ ያውቃሉ።